ሽመላዎች አጅበውት ሸዋ በር የገባው ልብስ ሰፊ

በሕይወት ላለ ሰው ደረት መትታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ መትቻለሁ! ያውም ሊያጩኝ በመጡት ሴቶች ፊት!

ደረት መምታት በዲናችን እንደማይወደድ አውቃለሁ። ኮሜንት ላይ እንዳትመጡብኝ።

«ሩቂያ ምነው ጠፋሽ» እያላችሁ ኢንቦክሴን ስታጨናንቁት ሰንብታችኋል። አልጠፋሁም፣ ቤት ነኝ። ለምን ቤት እንደተቀመጥኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ውርደቴን ስሙ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም። አዎ፣ ያን ያህል አርጅቻለሁ። ፕሮፋይሌ ላይ ያለው ፎቶ የልጅ ልጄ ሠርግ ላይ ከሩቅ የተነሳሁት ነው፣ አትሸወዱ!

ቤታችን ኤረር በር አጠገብ፣ ጀጎል ግንብ ሥር ነበር። እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጃገረድ ነኝ። የእኛ ልጃገረዶች ሥራ ስፌት ነው፤ አንዲት ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበን ስንደዶና ባለቀለም አለላ ይዘን ሰፌዱን፣ ሞሰቡን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሁሉ እንሰፋለን። እጃችን ይሰፋል፣ አፋችን ያማል።

ሙክታር ደግሞ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ሐረርን ለማታውቁ፣ መኪና ግርግር ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚወርድ መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ሲያንገረግሩ ይውላሉ።

ቀጭን ነበር። ረጅም። እግሩ አያልቅም። ጓደኞቼ «ሽመላው» ነበር የሚሉት።

በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይወዳል፤ ወፍና እኔን። የትኛው እንደሚቀድም እስከ መጨረሻው አልነገረኝም።

ክረምቱ ወጥቶ ብርዱ ሲገባ ዓለማያ ሐይቅ (ዛሬ ሐረማያ የምትሉት) በእንግዳ ወፍ ይሞላ ነበር። ዳክዬው፣ ሽመላው፣ ስሙን የማናውቀው ሁሉ ከፈረንጅ አገር ብርድ ሸሽቶ ይመጣል። በልግ ማጉረምረም ሲጀምር ብድግ ብሎ ይሄዳል። ማንም አልጠራው፣ ማንም አልሸኘው።

ሙክታር ግን ይቀበላቸው ነበር። ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ ገና ሳይነጋ፣ ሸዋ በር ላይ የጫት መኪና ተሳፍሮ ይሄዳል። ጣልያን ጥሎት የወጣ፣ አንድ ዓይኑ የተሰበረ የሩቅ መነጽር ነበረው። በአንድ ዓይን አይቶ፣ በሁለት እጁ እያወራ ይመለሳል።

ሰው ሁሉ ሥራ ፈት ይለው ነበር። የማይበላ ወፍ ለማየት እዚያ ድረስ ይኬዳል? እኔም እንደዚያው እል ነበር። ላባ ባያመጣልኝ ኖሮ።

የእናቴን ቀሚስ ላስጠብብ ስሄድ፣ ሲመልስልኝ እጥፋቱ ውስጥ ላባ አስቀምጦ ይሰጠኛል። ቃል የለም። ፈገግታ እንኳ የለም። ላባ! እናንተ ላይክ ትሰጣጣላችሁ፣ የእኔ ላይክ ላባ ነበር።

የእናቴን ቀሚስ ያን ዓመት ስንቴ እንዳስጠበብኩት አትጠይቁኝ። ሴትዮዋ መተንፈስ አቅቷት ነበር።

የላባውን ቀለም አይቼ ስፌቴ ላይ አገባዋለሁ። የዳክዬ ክንፍ ላይ ያለችውን አረንጓዴ። የሽመላውን ጥቁርና ነጭ። ሴቶቹ «ይሄ ደግሞ የማን ጥለት ነው? ከየት አመጣሽው?» ይሉኛል። «ከራሴ» እላለሁ። ቀጣፊ!

አንድ ቀን ብቻ ቃል ወጣው። ክር መርፌ ውስጥ እያስገባ፣ ቀና ሳይል፣ «ዒድ ይለፍ። ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ።

እኔም ጠበቅኩ። የጀማል እናት ግን አልጠበቁም።

ጀማል የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዴት ይቀለኝ ነበር! እናቱን አባይ መርየማ እንላቸዋለን፤ ትልቅ ሴት እኛ ዘንድ አባይ ትባላለች። አባይ መርየማ አፎቻችን ውስጥ ማለትም በሠርግና በለቅሶ የምንረዳዳበት ማኅበር ውስጥ፣ የተናገሩት የማይመለስ ሴት ነበሩ።

እሳቸው ደግሞ በዒድ ማግስት ሴቶቻቸውን አስከትለው ሊያጩኝ እንደሚመጡ ላኩብን።

የልጅቷ ዝምታ እሺታ ነው። ያን ቀን ዝም ካልኩ የጀማል ነኝ፣ አለቀ። ከተናገርኩ ደግሞ የአባቴ ስም ገበያ ላይ ይወጣል። ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ። ዝምታን መረጥኩ። ጀግና አልነበርኩም።

አሁን ወደ ሙክታር ልመልሳችሁ።

የረመዳን መጨረሻ ላይ ልብስ ሰፊ አይተኛም። ከተማው ሁሉ ዒድ ላይ አዲስ የሚለብሰው እነሱ ስላልተኙ ነው። የአባይ መርየማ የዒድ ቀሚስ ራሱ የሙክታር እጅ ሥራ ነበር። ሰውዬው ዒድ ሰግዶ፣ በልቶ፣ እንደ ሰው መተኛት ሲገባው ምን አደረገ?

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ሐይቅ ወረደ!

ያን ዓመት ሽመላዎቹ ዘግይተው ነበር። የጫት መኪናው ሹፌር «ገብተዋል» ብሎት ኖሮ አላስችለው አለ።

ሌላም ነገር ነበር። ወፎቹ በተጠጋቸው ቁጥር ይበሩበታል። አሰበ፣ አወጣ፣ አወረደ። ነጭ ነገር አይፈሩም፤ ሳቢሳ የምትሉት ነጭ ወፍ መሀላቸው ቆሞ ይውላል። ስለዚህ ምን ሰፋ መሰላችሁ? ከነጭ አቡጀዲ፣ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር የሚያስገባ ከረጢት! ለዓይኑ ቀዳዳ ተወለት፣ አንገቱ ዙሪያ በውስጥ በኩል የሚታሰር ክር አደረገለት። ሲገባበት እንዳይከፈት ክሩን ጠበቅ አድርጎ ቋጠረው።

ነጭ አቡጀዲ።

የእኛ ሰው ሲሞት በምን እንደሚከፈን ታውቃላችሁ? በነጭ አቡጀዲ! ግን ምን ታደርጉታላችሁ፣ ልብስ ሰፊ ነው። ጨርቅ ለእሱ ጨርቅ ነው።

ይህን ቀጥሎ ያለውን እሱ ነው ኋላ የነገረኝ።

ጉም ነበር። ውሃው አይታይም። ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ በቀኝ ጎኑ ተጋደመ፣ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ። ውሃው ያለው በሰሜን በኩል ነው። ሙስሊም ሲሰግድም ሲቀበርም ፊቱን የሚያዞርበት ቂብላም በዚያው። እሱ ይህን አላሰበውም።

መጀመሪያ ያየው እግር ነው። ቀይ፣ ቀጭን እግር፣ ከጉሙ ሥር ሲራመድ። አካል የለውም፣ እግር ብቻ። ከዚያ ሌላ እግር። ከዚያ ብዙ።

ሽመላ ድምፅ እንደሌለው ታውቃላችሁ? አይዘፍንም፣ አይጮህም። ምንቃሩን ነው የሚያጋጨው።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

ቁርጥ መቀስ! ሙክታር ሱቁ ውስጥ ያለ መሰለው። ጎረቤቱ ጨርቅ እየቆረጠ፣ እሱ የስፌት መኪናው ላይ ደፋ እንዳለ። ዓይኑ ከበደው።

ተኛ። ለስንት ሌሊት ያልተኛውን እንቅልፍ እዚያ ተኛው።

ቀጥሎ ያለው ደግሞ ኦቦ ዩስፍ የተናገሩት ነው። ኦቦ ዩስፍ ሐይቁ ዳር መሬት ያላቸው ገበሬ ናቸው። ከብት ሊያጠጡ ሲወርዱ ጉሙ ሳሳ ይልላቸዋል። ምን ያያሉ?

በነጭ የተከፈነ ሰው። በቀኝ ጎኑ። ፊቱ ወደ ቂብላ።

ሽመላዎቹ ዙሪያውን ከበውት ቆመዋል። አንገታቸውን አቀርቅረዋል። ሰው ሲመጣ አይሸሹም። አንዱ ጉልበቱ ላይ ወጥቶ ቆሟል።

ኦቦ ዩስፍ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ።

ሽመላዎቹ ቀጭ ቀጭ አሉ።

ሰውዬው ጎረቤቶቻቸውን ጠርተው፣ ቀርበው፣ በዓይኑ ቀዳዳ በኩል ሲያዩ አወቁት። የዒድ ሽርጣቸውን የቀመቀመላቸው ሙክታር ነው! ቢጠሩት አይሰማ። ቢነኩት በረዶ። በዚያ ብርድ ጤዛ ላይ የተኛ ሰው ምን ይሁን ብለው ነው?

ያንቀጠቀጣቸው ግን ይሄ አይደለም። ከፈን አይሰፋም። ሬሳ የሚጠቀለለው መርፌ ባልነካው ጨርቅ ነው፣ ይህን የማያውቅ ሙስሊም የለም። ይሄኛው ግን ዙሪያውን ተሰፍቷል። በመኪና! ያውም ጥንቅቅ ብሎ!

ማን ነው ሬሳ የሚሰፋው? ሐይቅ ዳር፣ ጉም ውስጥ፣ በስፌት መኪና?

ጂኒ ነው አሉ። ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

«ይሄ ሰው እኮ ልብስ ሰፊ ነው፣ ራሱ ሰፍቶት ይሆናል» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም ትላላችሁ። ጠፋ።

ቢስሚላህ እያሉ አንስተው የጫት መኪናው ላይ ጫኑት። ሹፌሩም ሬሳ ጭኖ አወዳይ ላይ ቆመና ጫቱን ጫነ! ጫት አይጠብቅማ! እዚያ ቆሞ ሲጭን ወሬው በሌላ መኪና ቀድሞ ሐረር ገባ።

በዚህ ሰዓት እኔ የት ነኝ? ቤታችን፣ ሐልዋ የሞላ ሳህን ይዤ።

የሐረር ቤት መደቡ ደረጃ ደረጃ ነው፤ ትልቅ ሰው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አባይ መርየማ ላይኛው መደብ ላይ፣ አዲሱን የዒድ ቀሚሳቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። እናቴ ሥራቸው። የተቀሩት ሴቶች በየመደቡ። ግድግዳው ሙሉ የእኔ ስፌት ተሰቅሏል። አንዱን እያሳዩ «ማሻአላህ፣ እጇስ!» ተባለልኝ።

አባይ መርየማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊጠይቁ ነው። እኔም ዝም ልል ነው።

በሩ ተከፈተ።

ጎረቤታችን ናት፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። «ሰማችሁ? መኪና ግርግር ያለው ሙክታር ሞተ! ዓለማያ ላይ ተከፍኖ ተገኘ! ሬሳው ሸዋ በር እየደረሰ ነው!»

ሁሉም ኢና ሊላሂ አሉ። አባይ መርየማ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ዳሰስ አድርገው «ሚስኪን። ይህን የሰፋልኝ እኮ እሱ ነው» አሉ።

እኔ ደግሞ ምን አልኩ?

«ባሌን!» አልኩ።

«ባሌን! ባሌን!» ደረቴን እየመታሁ!

የትኛውን ባል? ልጃገረድ ነኝ እኮ! ለማንም አልታጨሁም! ሊያጩኝ የመጡት ደግሞ ሐልዋው ጉልበታቸው ላይ ተደፍቷል!

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ወደ ኋላ ስንገዳገድ ጀርባዬ ግድግዳውን መታው። ላባዎቹን የት እንደምደብቃቸው አልነገርኳችሁም አይደል? ክዳን ያለው ስፌት ውስጥ ነው፣ እዚያው ግድግዳ ላይ። ስፌቱ ወደቀ። ክዳኑ ተከፈተ።

ቤቱ ውስጥ ላባ ዘነበ።

ነጭ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ። በሴቶቹ ራስ ላይ፣ በሐልዋው ላይ፣ በአባይ መርየማ ቀሚስ ላይ። ሁሉም ላባውን ያያሉ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ጥለት ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ።

«ጂኒ ለክፏት ነው!» አለች እናቴ። አላህ ይዘንላት፣ የምትችለውን ሞከረች።

አባይ መርየማ ቀስ ብለው ተነሱ። ከትከሻቸው ላይ አንዲት ላባ በሁለት ጣት አንስተው እናቴ እጅ ላይ አኖሩ።

«እህቴ» አሏት፣ «ልጅሽ ባል የሞተባት መሆኗን ብትነግሪን ኖሮ ለለቅሶ ተዘጋጅተን እንመጣ ነበር።»

ይህን ሲሉ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ቀሪውን አልሰማሁም።

ከኤረር በር እስከ ሸዋ በር ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው። አንድ ጫማዬ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዒድ ማግስት መንገዱ በሰው መጨናነቅ ነበረበት። ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ወይ ሸዋ በር ሄዷል፣ ወይ በሩን ዘግቷል። ከግንብ ግንብ የሚጋጨው የእኔ ኮቴ ብቻ ነው።

ከዚያ ጥላ አለፈ። በጠባቡ መንገድ ላይ፣ በነጩ ግድግዳ ላይ፣ ሰፊ ጥላ። ሌላ ጥላ ተከተለው።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

ቀና አልኩ። ሽመላዎች! ከጀጎል በላይ፣ ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ ክብ እየሠሩ። ተወልጄ እስካድግ ሽመላ ከተማ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ከመኪናው ጋር አብረው መጥተው ነው።

ፎቶ አላነሳሽም ወይ እንዳትሉኝ። በምን?

ሸዋ በር ላይ መኪናው ቆሟል። ሕዝቡ ሩቅ ሆኖ ከቦታል፣ የሚጠጋ የለም። ጂኒ የሰፋውን ከፈን ማን ይነካል? ኦቦ ዩስፍ ብቻ ጎማው ሥር ቁጭ ብለው ጂኒ የሚያርቀውን አየተል ኩርሲ ይቀራሉ። እኔ ማንንም አላየሁም። በጎማው ተንጠልጥዬ ወጣሁ። በጫት እስር መሀል ነጭ ተጋድሟል።

ላዩ ላይ ወደቅኩ።

«ዒድ ይለፍ አልከኝ!» አልኩት። «ዒድ አለፈ እኮ! ሙክታር፣ ዒድ አለፈ!»

ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልቅሼው አላውቅም። ውስጤ ያለው ሁሉ ወጣ። አላፈርኩም፤ ማፈር የሚችል ሰው አልቀረልኝም ነበር።

እያለቀስኩ ጣቴ ጠርዙን ነካ። ስፌት ነው። እኔ የስፌት ልጅ ነኝ፣ ጣቴ የሰው እጅ ያውቃል። ጥግ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ የሚመለስ ስፌት። የእናቴን ቀሚስ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሰፋው። የራሱ የሙክታር እጅ ነው!

ራሱን የሰፋ ሬሳ?

ከረጢቱ ተነቃነቀ። ሬሳው ተቀመጠ።

በቀዳዳው አንድ ዓይን አየኝ። ወደ ሰማይ አየ። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «ሩቂያ፣ ዝም በይ፣ ይበራሉ» አለኝ።

በረሩማ! ሕዝቡ ነው የበረረው! ሹፌሩ መኪናውን ከነጫቱ ጥሎ ጠፋ። ሸዋ በር ላይ የቀረው ጫማና ገበያተኞቹ የጣሉት እንቁላል ብቻ ነበር። ኦቦ ዩስፍ አልሸሹም፤ ኋላ እንደነገሩን እግራቸው እምቢ ብሏቸው ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለኝ።

«ሞተሃል» አልኩት።

ከረጢቱ ውስጥ ራሱን ዳሰሰ። «አልሞትኩም፣ ደክሞኝ ነው» አለ። «ሰዎች ኢና ሊላሂ ሲሉ በሕልሜ ሰምቼ አሚን ብያለሁ። የሌላ ሰው ለቅሶ መስሎኝ።»

ከረጢቱ ውስጥ ራሱ የቋጠረው ክር በውርጭ ደርቆ አልፈታ አለው። ስለዚህ ሸዋ በር መሀል፣ ከተማው ሁሉ ከግንብ ጥግ እያጮለቀ፣ ስፌቱን በጥርሴ ቆረጥኩት። ብቻችንን ስንሆን ያ የመጀመሪያችን ነበር።

ሽመላዎቹ አንድ ዙር ዞረው ወደ ኤረር ሸለቆ ወረዱ።

ከዚያስ? ከዚያማ ሙክታርን በሕይወት አለ ብሎ የሚያምን ጠፋ! ሱቁ በር ላይ የሚያልፍ ሁሉ ቢስሚላህ ይላል። ጨርቅ የሚያመጣለት የለም። ከፈን ውስጥ ገብቶ የወጣ እጅ ማን ልብስ ያሰፋዋል? እኔን ደግሞ የሚጠይቀኝ የለም። የአፎቻው ሴቶች አንዴ የተለቀሰለት ሰው ያገባል ወይስ አያገባም ብለው ሲከራከሩ ከረሙ። ነገሩ ሼኹ ዘንድ ደረሰ። ሼኹም «ሰውዬው ይበላል፣ ይሰግዳል፣ በሕይወት አለ፣ ተዉት» ብለው ፈረዱ።

አባቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረኝም ነበር። አንድ ጠዋት ጠራኝ።

«አንቺን የሚያገባሽ የለም፣ እሱን የሚያሰፋው የለም» አለኝ። «ተጋቡና ገላግሉን።»

በሐረር ታሪክ እንደዚህ ያለ የሠርግ ምርቃት የተመረቀ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ይጻፍ።

አባይ መርየማ ሠርጌ ላይ መጡ፣ ያንኑ ቀሚስ ለብሰው። ሐልዋው የነካው ቦታ ላይ ጥላ መስሎ ቀርቷል። ከዚያም መጀመሪያ ጨርቅ ይዘውለት የሄዱት እሳቸው ናቸው። «ቢሞትም ባይሞትም አንገት ልክ አድርጎ የሚያወጣ እሱ ብቻ ነው» አሉ። የተናገሩት አይመለስማ፣ ከተማው ተከተላቸው።

ኖርን። ወለድን። በየዓመቱ ብርድ ሲገባ ሐይቅ ይዞኝ ይሄድ ነበር።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ወፎቹ ከእኔ ይሸሻሉ። ከእሱ አይሸሹም። ከዚያን ቀን በኋላ ያለ ነጭ ጨርቅ፣ በተራ ኮቱ፣ መሀላቸው ገብቶ ይቆማል። እጁን ዘርግቶ ይነካቸዋል። አንገታቸውን አቀርቅረው ይከቡታል።

«ለምን አይፈሩህም?» ስለው፣ «ለቅሶዬ ላይ ነበሩ እኮ፣ ዘመድ ሆነናል» ይለኛል። ይስቃል።

እኔ ግን ስቄ አላውቅም። እጁን ይዤ ሙቀቱን አይ ነበር።

ኋላ ሐይቁ ራሱ ደረቀ። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ውሃ የነበረበት ቦታ ላይ ከብት ጋጠበት። ሞተ ተባለ። ሙክታር ብቻ «ተኝቶ ነው» ይል ነበር። ጃጀ ብለው ሳቁበት። ከብዙ ዓመት በኋላ ውሃው ተመለሰ። እግር የበዛበት ጉምም ተመለሰ።

እሺ። አሁን ለምን ቤት እንደተቀመጥኩ ልንገራችሁ።

ዒዳ ላይ ነኝ። ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበት ጊዜ ነው። ፌስቡክ ላይ ስለመውጣት የተከለከለ ነገር አላገኘሁም፣ ጠይቄያለሁ።

ሙክታር በዚህ ብርድ ላይ ሞተ። የእውነቱን ነው።

ታጥቦ፣ ተከፍኖ፣ በቀኝ ጎኑ ተጋድሟል። አፎቻው ተሰብስቧል። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ነው የሚያዩት። ባል ሳይኖራት «ባሌን» ብላ ከተማ ያናወጠችው ሩቂያ አሁን ምን ትል ይሆን? ይጠብቃሉ።

ምንም። አንዲት ጠብታ አልወጣኝም!

ወንዶቹ ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ ጣሪያው ላይ ሰማሁት።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ።

«ቆዩ!» አልኩ። ጮኼ! «አታንሱት! ደክሞት ነው። ትንሽ ከጠበቃችሁት ይነሳል!»

ያ ሁሉ ሰው! ልጆቼ አፍረው መሬት መሬት አዩ። አንዷ «አበደች» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። የወንዶቹ ሽማግሌ ግን ቀና አሉና «እንጠብቅላት» አሉ።

ጠበቁልኝ። ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ ቆሞ፣ ራሱን አቀርቅሮ ዙሪያውን ከቦ፣ ጠበቀልኝ።

እኔ ጎንበስ ብዬ ጠርዙን በጣቴ ያዝኩት። ከራሱ እስከ እግሩ ዳሰስኩት። ስፌት ፈለግኩ። አንዲት ስፌት፣ ጥግ ላይ የምትመለስ፣ አንዲት ብቻ። በወዲያኛው ጠርዝም ሄድኩበት።

የለም። ከፈን አይሰፋም።

«ውሰዱት» አልኩ።

ትምህርቱ ምንድን ነው ካላችሁኝ፣ ለቅሶአችሁን በልጅነታችሁ አትጨርሱት። እኔ የእሱን ሁሉ ሸዋ በር ላይ፣ ለተኛ ሰው፣ በጫት መኪና ላይ ጨርሼ አሁን ባዶ እጄን ተቀምጫለሁ።

ይህን ስጽፍላችሁም ጣሪያው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ልጆቼ «የላላ ቆርቆሮ ነው» ይሉኛል።

ቆርቆሮ ነው፣ አይደል?